ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ፦ የምናብ ቡድንን እስከ ውድድር ዘመኑ ፍጻሜ መምራት

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በኢትዮጵያ ብዙ ተመልካች አለው። ከጨዋታዎቹ ጎን ለጎን በርካታ ወጣቶች በእጅ ስልካቸው የሚከታተሉት ሌላ ፉክክርም አለ፤ ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2002/03 የተጀመረው ይህ ውድድር ተሳታፊው የእውነተኛ ተጫዋቾችን ስም መርጦ የራሱን የምናብ ቡድን የሚያዋቅርበት ነው። ተጫዋቾቹ በሜዳ ላይ የሚያሳዩት ብቃት በነጥብ ተለክቶ ለተሳታፊው ይመዘገባል። ለመመዝገብ ክፍያ አይጠየቅም።

ውድድሩ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ለ38 የጨዋታ ሳምንታት ይዘልቃል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ከፍና ዝቅ የማይገጥመው ቡድን የለም። ብዙ ነጥብ የሚባክነው በመጥፎው ሳምንት ብቻ ሳይሆን ከመጥፎው ሳምንት በኋላ በድንጋጤ በሚወሰን ውሳኔ ጭምር ነው።

የቡድኑ አወቃቀር

እያንዳንዱ ተሳታፊ 100 ሚሊዮን የምናብ ገንዘብ ይሰጠዋል። በዚህም 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይና 3 አጥቂ፣ በድምሩ 15 ተጫዋቾችን ይገዛል። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መምረጥ አይፈቀድም። በየሳምንቱ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ 4ቱ በተጠባባቂነት ይቀመጣሉ። የአምበሉ ነጥብ በእጥፍ ይታሰባል፤ አምበሉ ካልተጫወተ ዕድሉ ወደ ምክትሉ ይተላለፋል።

ነጥብ አሰጣጡን መረዳት ለምርጫ ይጠቅማል። 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ የተጫወተ 2 ነጥብ ያገኛል። አጥቂ ለአንድ ግብ 4፣ አማካይ 5፣ ተከላካይ 6 ነጥብ ይያዝላቸዋል። ለግብ የሚሆን ኳስ ያቀበለ 3 ነጥብ አለው። ቡድኑ ግብ ካልተቆጠረበት ተከላካዩና ግብ ጠባቂው 4 ነጥብ ይጨመርላቸዋል። ስለዚህ 60 ደቂቃ ተጫውቶ አንድ ግብ ያስቆጠረ ውድ አጥቂና ግብ ሳይቆጠርበት የወጣ ርካሽ ተከላካይ እኩል 6 ነጥብ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ገንዘቡን በሙሉ በፊት መስመር ላይ ማፍሰስ የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ዝውውርና ትዕግሥት

ተሳታፊው በየሳምንቱ አንድ ነፃ ዝውውር አለው፤ ካልተጠቀመበት እስከ 5 ድረስ ማጠራቀም ይችላል። ከተፈቀደው በላይ ለሚደረግ እያንዳንዱ ዝውውር ግን 4 ነጥብ ይቀነሳል። የማይጫወተውን አስወጥቶ በምትኩ ያስገባው ተጫዋች ግብ ሳያስቆጥር 2 ነጥብ ብቻ ቢያመጣ፣ ተሳታፊው በዚያ ሳምንት 2 ነጥብ ከስሮ ይወጣል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የተጠራቀመ ዝውውር ለክፉ ቀን እንደተቀመጠ እህል ነው፤ ጉዳትና ቅጣት በአንድ ላይ ሲመጡ ያለ ነጥብ ቅነሳ ቡድኑን ያድሳል።

የተጫዋቾች ዋጋም ከፍና ዝቅ ይላል። በ7.0 ሚሊዮን የተገዛ ተጫዋች ዋጋው 7.3 ቢደርስ የሚሸጠው በ7.1 ነው፤ ከጭማሪው ለባለቤቱ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ሲሆን፣ ትርፍራፊው ወደ ታች ይጠጋጋል። ዋጋ ሊጨምር ነው በሚል ወሬ ብቻ ተጣድፎ መግዛት ትርፉ አነስተኛ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመጨረሻውን ውጤት እንደማይወስኑ የኮል ፓልመር ታሪክ ያሳያል። ተጫዋቹ ቼልሲን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ2023/24 ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ነበር። ያም ሆኖ በሊጉ 22 ግቦችን አስቆጥሮ በ244 ነጥብ የዘመኑ ቀዳሚ ሆኗል። በዚያው ዘመን ሞሐመድ ሳላሕ በጥር ወር 2024 ለአፍሪካ ዋንጫ ወደ ኮትዲቯር አቅንቶ ተጎድቷል። የዋንጫው ቀን አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ምትክ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ለድንገተኛው ጉዳት ግን መፍትሔው የተጠራቀመ ዝውውርና ጠንካራ ተጠባባቂ ነው።

ልዩ ዕድሎችና የመዝጊያ ሰዓት

ቡድንን በሙሉ ያለ ቅጣት የሚያድሰው ዋይልድካርድ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚቀይረው ፍሪ ሂት፣ የተጠባባቂዎችን ነጥብ የሚያስቆጥረው ቤንች ቡስት እና የአምበሉን ነጥብ ሦስት እጥፍ የሚያደርገው ትሪፕል ካፕቴን ልዩ ዕድሎች ይባላሉ። በ2025/26 ደንብ እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው አጋማሽ አንዳንድ ጊዜ ያገለግላሉ። በዋንጫ ጨዋታዎች ምክንያት የሚራዘሙ ግጥሚያዎች አንዳንድ ክለቦችን በአንድ ሳምንት ያለ ጨዋታ፣ በሌላው ደግሞ በሁለት ጨዋታ ያስቀምጧቸዋል። ልዩ ዕድሎችን ለእነዚህ ሳምንታት ማቆየት ይበጃል።

ምርጫው የሚዘጋው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ የቅዳሜው ቀትር ግጥሚያ ከሆነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እንግሊዝ ሰዓቷን ከምትቀይርበት ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት አጋማሽ ገደማ ደግሞ 8 ሰዓት ይሆናል። የዓርብ ምሽት ጨዋታ ሲኖር ሰዓቱ ወደ ዓርብ ስለሚቀድም መርሐ ግብሩን ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሳምንት መርሳት የተጎዳን አምበል ይዞ መቀጠል ሊሆን ይችላል።

ገንዘብን በተመለከተ

አንዳንድ የጓደኛሞች ቡድኖች በመካከላቸው ገንዘብ አዋጥተው ለአሸናፊ ይሰጣሉ። ይህ የተሳታፊዎቹ የግል ስምምነት እንጂ የውድድሩ አካል አይደለም። ለዘር፣ ለማዳበሪያ ወይም ለቤት ኪራይ የተያዘ ገንዘብን ለዚህ ማዋል አይገባም፤ 15ቱንም ተጫዋች ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንኳ ነገ ማን እንደሚጎዳ አያውቅምና። የይለፍ ቃልንም ቡድንህን ላስተካክልልህ ለሚል ሰው አሳልፎ መስጠት አደጋ አለው።

በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ጉዳትንና መርሐ ግብርን አይቶ፣ አምበልን መርጦ፣ የተረፈውን ለሜዳው መተው ለአብዛኛው ተሳታፊ በቂ ነው። ነጥቡ ዝቅ ያለበት ሳምንት ከ38ቱ አንዱ ብቻ ነው።