ከባለእጅ ቤት እስከ ካፒታል ገበያ፦ የሙያ ለውጥና የትምህርት ቤት ምርጫ

በጉለሌ የሚገኘው ቀጨኔ በሸክላ ሠሪዎቹና በሸማኔዎቹ የታወቀ ሠፈር ነው። በዚያ ሙያ የሚተላለፈው ከወላጅ ወደ ልጅ፣ በእጅ ነው፤ የትምህርቱም ፈተና እንስራው ከእሳት ወጥቶ ውሃ መያዙ ነው። ይሁን እንጂ ባለእጅ በሙያው ይናቅ ስለ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ። ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም፤ ስለሆነም ልጅን በትምህርት አሻግሮ ለመሥሪያ ቤት ማብቃት የወላጆች ምኞት ሆኖ ኖረ። ከዚህም «የትኛው ትምህርት ቤት?» የሚለው ጥያቄ ተወለደ።

በባንክ ሙያ ረገድ የጥያቄው መልስ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ የበላይነት የተቋቋመ ሲሆን፣ አክሲዮኑ ለሽያጭ የቀረበው በአብዛኛው በውጭ አገር ከተሞች ነበር። ይኸውም ካፒታል የማሰባሰቡ ጥበብ፣ ማለትም ዛሬ የኢንቨስትመንት ባንክ ሥራ የምንለው፣ ገና ከጅምሩ በአብዛኛው ከአገር ውጭ ቀረ ማለት ነው።

በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለመሥሪያ ቤቶችና ለባንኮች የሒሳብና የጽሕፈት ሠራተኞችን አፈራ። በ1950ዎቹ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ አስተዳደር ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በዚያው ዐሥርት ዓመት በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት አክሲዮን መገበያየት ተጀመረ። ትምህርቱና ገበያው በአንድ ከተማ የተገናኙት ያን ጊዜ ነው። ግንኙነቱ ግን አልዘለቀም። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ተወረሱ፤ ገበያውም ተዘጋ። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ ዳግመኛ ቢፈቀድም፣ ዋና ሥራው ተቀማጭ መሰብሰብና ማበደር ነበር።

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት የኢንቨስትመንት ባንኮች ፈቃድ አገኙ። እነሆ ዛሬ፣ ዓመታት በብድር ወይም በሒሳብ ክፍል ያሳለፈ ባልደረባችን ወደዚህ ሙያ ለመሻገር ትምህርት ቤት ይመርጣል።

የሌላው ዓለም ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት የተመሠረተው የምኒልክ አዋጅ በወጣበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። በእንዲህ ያሉ የሁለት ዓመት ትምህርት ቤቶች ተማሪው በሁለቱ ዓመታት መካከል ባለው ክረምት በባንክ ይለማመዳል፤ ብዙዎችም የሚቀጠሩት በተለማመዱበት ባንክ ነው። በፈረንሳይ እንደሚገኘው ኢንሲያድ ያሉት ግን ትምህርቱን በዐሥር ወር ገደማ ያጠናቅቃሉ። ይህ ወጪንና ከደመወዝ መለየትን ያሳጥራል፤ ነገር ግን ሙያ ለዋጩን የልምምዱን ክረምት ሊያሳጣው ይችላል።

ስለሆነም መራጩ ከትምህርት ቤቱ ስም በፊት ሦስት ነገሮችን ይመርምር። አንደኛ፣ የኩባንያን ዋጋ መገመትን፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ሕግንና የሒሳብ መግለጫ ትንተናን በጥልቀት ያስተምራልን? ሁለተኛ፣ ተማሪውን ከሥራው ቦታ ያደርሰዋልን? ሦስተኛ፣ ክፍያውና የሚቀረው ደመወዝ ቤተሰብን ለዕዳ የሚዳርግ አይደለምን?

ከሦስቱ ታሪካችን አጥብቆ የሚያሳስበን ሁለተኛውን ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ይህ ሙያ የተቋረጠው፣ የሚለማመዱበት ገበያ በመጥፋቱ ነው። አዲሶቹ የኢንቨስትመንት ባንኮችም የቀጨኔ ባለእጅ ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ እንደሚያስተምር ሁሉ ተለማማጅ ቢቀበሉ፣ ወደ ውጭ ለመሄድ አቅም የሌለውም ባልደረባችን በአገሩ ሙያውን ሊማር ይችላል።