የሁለት ቢት ታሪክ

ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ነፃ ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው 7.1 ዕትሙ፣ በ8 ኪሎባይት ገጽ ውስጥ የማይገቡ ትልልቅ እሴቶችን አምቆና ቆራርጦ ማስቀመጥ ጀመረ። ማመቂያው ፒጂኤልዜድ ብቻ ነበር፤ ሃያ ዓመት ያህልም ብቻውን ቆየ። በ2017 ግን ማንኛውም ተጠቃሚ የራሱን ማመቂያ ለየዓምዱ እንዲሰካ የሚፈቅድ የኮድ ማሻሻያ ቀረበ። ከዓመታት ግምገማ በኋላ በ2021 በ14ኛው ዕትም የወጣው ከዚያ እጅግ የጠበበ ነው፦ ከፒጂኤልዜድ ጎን ኤልዜድ4 ተጨመረ፣ በቃ። ይህ መጥበብ ትክክል ነበር እላለሁ። አንድ እሴት ከታመቀ በኋላ በተወለደበት ዓምድ አይታሰርም። ሳይፈታ ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ሊገለበጥ፣ በጥምር ዓይነት ውስጥም ሊሸሸግ ይችላል። ማመቂያውን የሰካው ሰው ነገ ቢነቅለው፣ የትኛው ረድፍ እንደሚፈልገው የሚያውቅ የለም፤ ዳታው እያለ የሚያነበው ይጠፋል።

የሚቃወሙ ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም። ተመሳሳይ ቁልፎች የሚደጋገሙባቸውን የጄሶን ሰነዶች የሚያከማች ሰው በራሱ መዝገበ ቃላት ቢያምቅ ብዙ ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን የእሴት ጣሪያ 1 ጊጋባይት ስለሆነ መጠኑን ለመጻፍ 30 ቢት ይበቃል፤ መጠኑ በሚጻፍበት ባለ አራት ባይት መስክ ለማመቂያው መለያ የተረፉት ሁለት ቢቶች ብቻ ናቸው። ሁለት ቢት የሚለየው ቢበዛ አራት ማመቂያ ነውና ይህን ጠባብ ቦታ ለሁሉም መክፈት አይቻልም። ገምጋሚዎቹ አዲስ ነገር ጠልተው ነው እንዳይባልም፣ በ2022 የወጣው 15ኛው ዕትም የዳታ ለውጦች ለሚጻፉበት መዝገብ ኤልዜድ4ንና ዜድስታንዳርድ የተባለውን ሌላ ማመቂያ ባንድ ጊዜ ተቀብሏል፤ ያ መዝገብ ሥራው ሲያበቃ የሚወገድ ነውና።