በመጸው መግቢያ የጎንደር ታሪካዊ ቅጥር ግቢዎች የእግር ጉብኝት፦ ከጥሊሊና አካባቢው ለሚነሡ ጎብኚዎች የተዘጋጀ መረጃ

በጎንደር ከተማ የሚገኙት የፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛና የቁስቋም ቅጥር ግቢ ያለ ጥድፊያ በእግር ሊጎበኙ ከሚችሉ የአማራ ክልል ታሪካዊ ስፍራዎች መካከል ይጠቀሳሉ። ቅርሶቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይህ መረጃ የጉብኝቱን ወቅት፣ ቅደም ተከተልና ጎብኚው ሊፈጽማቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል።

የወቅቱ ሁኔታ

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መጸው የሚባለው ወቅት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው። በዕለታዊ ንግግር ይህን ወቅት ፀደይ ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ በአቆጣጠሩ ፀደይ የሚውለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። መጸው የሚገባበት ዕለት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ፣ ማለትም የአበባ ወራት፣ ከሚጀመርበት ዕለት ጋር ይገጥማል። ዝናቡ የሚቀንስበት፣ ሣሩ ሳይደርቅ የሚቆይበትና ሰማዩ የሚጠራበት ጊዜ በመሆኑ ለእግር ጉብኝት ተስማሚ ነው። ሆኖም ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል ጉብኝቱን በማለዳ መጀመር ይመረጣል።

የፋሲል ግቢ

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሕንፃ ስላከሉ፣ ግቢው የበርካታ ዘመናት የሥራ ውጤት ነው። ስፋቱ ወደ 70,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የድንጋይ ግንብ ተከብቧል። ቅጥሩ 12 በሮች ያሉት ሲሆን፣ የአንዳንዶቹ ስያሜ የቤተ መንግሥቱን የሥራ ክፍፍል ያስታውሳል። ለምሳሌ እምቢልታ በር የነፊዎችን፣ ባልደራስ በር ደግሞ የፈረሰኞችን አለቃ ማዕረግ ይጠራል። በፈረሰኛነቱ ለሚታወቀው የአዊ ሕዝብ ይህ ስያሜ እንግዳ አይሆንበትም።

ጎብኚው ከዐፄ ፋሲለደስ ግንብ ተነሥቶ በዘመን ቅደም ተከተል ቢጓዝ የሥነ ሕንፃውን ለውጥ በቀላሉ ይረዳል። ግንቡ በአራቱም ማዕዘን ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉት። ቀጥሎ የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ቤተ መንግሥት፣ የዐፄ ዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽና የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ይገኛሉ። የዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1941 በጣሊያን ጦር ላይ በተካሄደው የእንግሊዝ የአየር ድብደባ ጉዳት ደርሶበታል።

የፋሲል መዋኛና ቁስቋም

የፋሲል መዋኛ ከመሐል ከተማው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቀሃ ወንዝ አቅራቢያ ይገኛል። በገንዳው ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ የቆመ ሲሆን፣ ዙሪያውን የከበቡት ዕድሜ ጠገብ ዛፎች ሥራቸውን በግንቡ ላይ ዘርግተዋል። ገንዳው ለጥምቀት በዓል ከወንዙ በሚመጣ ውኃ ስለሚሞላ፣ በመጸው የሚመጣ ጎብኚ ባዶውን ሊያገኘው ይችላል። የፋሲል ግቢ የመግቢያ ቲኬት በተለመደው አሠራር ለመዋኛውም ስለሚያገለግል፣ ጉብኝቱ እስኪያበቃ በእጅ ማቆየት ያስፈልጋል።

የቁስቋም ቅጥር ግቢ በከተማው ሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽና የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን ይዟል። የቁስቋም ዓመታዊ በዓል ኅዳር 6 ይከበራል። በዕለቱ ምእመናን በብዛት ስለሚገኙ፣ ጸጥ ያለ ጉብኝት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቀን ቢመርጥ የተሻለ ነው።

ቅርሱን ከጉዳት መጠበቅ

ጉብኝቱን የሚያስውበው የወቅቱ ልምላሜ ለግንቦቹ ስጋት ነው። ክረምቱ ሲያልፍ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ የበቀለው ሣርና ቁጥቋጦ ሥሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ስንጥቁን ያሰፋል፤ በቀጣዩ ክረምትም ውኃ በዚያው ይገባል። የተሳሳተ ጥገናም እንዲሁ ይጎዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ለጥንታዊው የኖራ ግንባታ ተስማሚ ስላልነበረ፣ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኖራ ቡኬት እንዲተካ ተደርጓል። ስለሆነም ጎብኚዎች የሚከተሉትን እንዲያከብሩ ይጠየቃሉ፦

• በግንቦችና በዛፍ ሥሮች ላይ አለመውጣት፤
• ከግንብ ላይ ቡቃያ አለመንቀል፣ ይህም ድንጋይ ሊያላቅቅ ስለሚችል ለባለሙያ የሚተው ነው፤
• በግድግዳ ላይ ስም አለመጻፍ ወይም አለመፋቅ፤
• የተነቃነቀ ድንጋይ ወይም አዲስ ስንጥቅ ሲያዩ ለግቢው ሠራተኞች ማሳወቅ።

በቅርስ ላይ ጉዳት ማድረስ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በወንጀል ያስጠይቃል።

ከጥሊሊ የሚደረግ ጉዞ

ከጥሊሊ ጎንደር በእንጅባራ፣ በዳንግላና በባሕር ዳር በኩል ወደ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በጥሊሊና በእንጅባራ መካከል፣ ከአስፋልቱ መንገድ አቅራቢያ፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። ሩቅ መጓዝ የማይችሉ አረጋውያንና ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ የወቅቱን ልምላሜ ማየት ይችላሉ። ወደ ጎንደር የሚሄዱ ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ፣ ስፍራዎቹ ለጉብኝት ክፍት ስለመሆናቸው ደግሞ ከጎንደር ከተማ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያረጋግጡ ይመከራል። ረጅሙ መንገድ አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ ጉብኝቱን በማግስቱ ማለዳ መጀመር ተገቢ ነው።