የሃያ ደቂቃ እራት ረጅም ታሪክ

ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስገባ ባለቤቴ ገና ጫማዋን አላወለቀችም ነበር። እሷም ከሥራ፣ እኔም ከሥራ። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ፓኬት የበሬ ቋሊማ፣ ሁለት ድንች፣ ሦስት ካሮት፣ ቀይ ሽንኩርትና ጥቂት ቃሪያ አለ። ኤር ፍራየሩን ሰካሁት። ድንቹንና ካሮቱን በትንንሹ ከትፌ፣ ትንሽ ዘይትና ጨው አስነክቼ በ200 ዲግሪ ለስምንት ደቂቃ ቀድመው እንዲገቡ አደረግሁ። ከዚያ ቋሊማውን፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ጨመርኩ፤ መሐል ላይ አንዴ አውጥቼ ነቅነቅ አደረግሁት። ሌላ አሥራ ሁለት ደቂቃ። በላን።

እሑድ ዕለት ይህንኑ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት፤ ትንሽም ጉራ ነበረበት። «ሃያ ደቂቃ ብቻ?» አለችኝ። «አዎ እማዬ።» ዝም አለችና «ታዲያ የተረፈውን ሰዓት ምን አደረጋችሁበት?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ከዕቃው እንጀምር። ኤር ፍራየር ስሙ «መጥበሻ» ይበል እንጂ ምንም አይጠብስም። ትንሽ ምድጃ ነው። ከላይ የሚግል የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፤ ከሱ በላይ ማራገቢያ አለ፤ ከታች ቀዳዳ ያለው ሳጥን አለ። የቆመ አየር ሙቀት ለማስተላለፍ ሰነፍ ነው። በኃይል ሲነፍስ ግን ምግቡን የሸፈነውን ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ገፎ ይወስደዋል፤ ላዩ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ይቀላል። ያ የምንወደው ቡናማ ቀለምና ጠረን ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው የፕሮቲንና የስኳር ኬሚካዊ ግብረ መልስ ነው። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ የጎመን ቅጠል ብትጨምሩበት እየበረረ ሽቦው ላይ ይለጠፍና ያርራል። ካሮትና ድንች የተመረጡት ከባድ ስለሆኑም ነው።

ይህ በነፋስ የማብሰል ሐሳብ ግን የመጣው ከማንም ቤት ኩሽና አይደለም። የመጣው ከአውሮፕላን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ዊሊያም ማክሰን የተባለ አሜሪካዊ ውቅያኖስ አቋርጠው ለሚበሩ ወታደሮች ትኩስ ምግብ ለማቅረብ ሁለት ነገር ሠራ። አንደኛው የቀዘቀዘ፣ በሦስት የተከፈለ ሳህን ነው። ሁለተኛው ያንን ሳህን የሚያሞቅ፣ ማራገቢያ የተገጠመለት ትንሽ ምድጃ ሲሆን «አውሎ ነፋስ» የሚል ስም ሰጠው። በሳህኑ ሦስት ክፍሎች ውስጥ የነበረው ምን መሰላችሁ? ሥጋ፣ አትክልትና ድንች። የማክሰኞው የኔ እራት ማለት ነው። ማክሰን እ.ኤ.አ. በ1947 ሞተ፤ ሐሳቡ ወደ ቤት ሳይገባ ቀረ። ከስድሳ ዓመታት በኋላ ሆላንዳዊው ፍሬድ ቫን ደር ዌይ ያለ ዘይት ባሕር ጥርት ያለ የድንች ጥብስ ለማውጣት ሲታገል ቆይቶ ትንሿን ምድጃ ሠራ። ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ዐውደ ርእይ ላይ ለገበያ አቀረባት።

ቋሊማውስ? እሱ ከማሽኑ በብዙ ሺህ ዓመት ይበልጣል። ሆሜር በኦዲሴይ ውስጥ በስብና በደም የተሞላ የፍየል ጨጓራ እሳት ላይ እንደሚገላበጥ ጽፏል። ቋሊማ በራሱ ጊዜ ቆጣቢ መሣሪያ ነው። ከብት በታረደበት ቀን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይከትፋል፣ ጨውና ቅመም ያሻል፣ አንጀት አጥቦ ይሞላል፣ ያደርቃል። በሌላ ቀን የቸኮለ ሰው አውጥቶ ይበላል። የእኛ ቋንጣ ያው ነው። ቋሊማ የሚለውን ቃል የምናውቀውም ከፋብሪካ አይደለም፤ በሐረርና በምሥራቁ አገራችን የበሬ ሥጋ ተከትፎና ተቀምሞ፣ ደርቆ ለክብር ቀን የሚቀመጥ ምግብ ነው። ስለዚህ «ፈጣን ምግብ» ስንል ሥራው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሥራው ቀደም ብሎ፣ በሌላ ሰው እጅ ተሠርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ፍራንክፈርት ይወስደናል። ስሟን ለቋሊማ የሰጠች ከተማ ናት፤ ስሟን ለኩሽናም ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለች የቪየና አርክቴክት ለከተማዋ አዳዲስ የሠራተኛ መኖሪያ ቤቶች ኩሽና ነደፈች። ስፋቱ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለካች፣ የባቡር ምግብ ቤቶችን ጠባብ ኩሽና እያጠናች የሠራችው ነው። ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ተገጠመ። ዓላማዋ ቅን ነበር፤ ሴቶች ከእሳት ዳር ቶሎ ተነሥተው ለሥራ፣ ለንባብ፣ ለዕረፍት ጊዜ እንዲያገኙ ነው። በኋላ የመጡ ሴት ተቺዎች ግን አንድ ነገር አዩ። ኩሽናው ከአንድ ሰው በላይ አያስገባም። ማን እንደሚገባበት ደግሞ የታወቀ ነበር።

ልብ በሉ፤ አንዱ ሐሳብ ከባቡር፣ ሌላው ከአውሮፕላን መጣ። በባቡርም በአውሮፕላንም ኩሽናው ውስጥ የሚቆመው ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ፈረቃው ሲያልቅም ይወጣል። ቤት ሲገቡ መሣሪያው ብቻ ገባ። ደመወዙና ፈረቃው አልገቡም።

አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትዝ ካዋን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ በሰፊው አሳይታለች። የብረት ምድጃ ሲመጣ የማገዶ ፍጆታ ቀነሰ። እንጨት የሚፈልጠው ግን ወንዱ ነበር፤ ስለዚህ ያረፈው ወንዱ ነው። ሴቲቱ ደግሞ በአንድ ድስት ፋንታ ሁለትና ሦስት ዓይነት ምግብ በአንድ ጊዜ እንድታበስል ተጠበቀባት። ዕቃው የቤቱን ሥራ አቀለለ፤ የእሷን ሰዓት ግን አላሳጠረም።

ይህን ሳነብ የባዕድ አገር ታሪክ ሆኖ አልተሰማኝም። እኛ ቤት አባቴ እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ እኔ ፍልጡን ተሸክሜ አስገባ ነበር። እናቴ እሳቱ ላይ ናት፤ ጭሱ ዓይኗን አቅልቶታል። ከዚያ ቡታጋዝ ተገዛ። ቤተሰቡ በሙሉ «እናታችን አረፈች» አለ። ያረፍነው ግን አባቴና እኔ ነን። መጥረቢያው ከበሩ ጀርባ ዛገ፤ እኔ ኳስ ሜዳ ወረድኩ። እናቴ ያንኑ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ያንኑ ወጥ ስታማስል፣ ያንኑ ሰሐን ስታጥብ ቆየች። ጭሱ ቀርቶላታል፤ እሱ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ሰዓቱ ግን የእሷ አልሆነም።

አዲስ አበባም የማገዶ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። በአፄ ምኒልክ ዘመን እንጨት እየራቀ ሲሄድ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። ባሕር ዛፉ ግን በእግሩ ሄዶ ምድጃ ውስጥ አልገባም። ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው፣ ሸክሙን በጀርባቸው አዝለው ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ከተማዋን ያዳነው ዛፉ ብቻ ነው ብለን የምንተርክ ከሆነ ግማሹን ታሪክ ቆርጠን ጥለናል።

አሁን «ኤር ፍራየር የሀብታም ወሬ ነው» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ አብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። መብራቱም ይጠፋል። ደግሞ ዶሮ ወጥ በዚህ ዕቃ አይሠራም፤ ሽንኩርት ቆሞ የሚያማስለው ሰው ይፈልጋል። ስለ መብራት ፍጆታው ግን፣ 1,500 ዋት የሚስብ ኤር ፍራየር በሃያ ደቂቃ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም፤ የእንጀራ ምጣድ ከዚያ እጥፍ በላይ ይስባል። ለማንኛውም የእናቴ ጥያቄ ዕቃው ምንም ይሁን ምን አይቀየርም። ወፍጮ ቤት፣ ቡታጋዝ፣ ምጣድ፣ ኤር ፍራየር፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የተረፈው ሰዓት የት ሄደ?

ማክሰኞ ማታ የት እንደሄደ ልንገራችሁ። እኔ ከበላሁ በኋላ ሶፋ ላይ ተደግፌ ስልኬን ስነካካ ነበር፤ «አብስያለሁ» ብዬ። ባለቤቴ የማሽኑን ሳጥን በስፖንጅ አጠበች። የልጃችንን የነገ ምሳ ዕቃ አዘጋጀች። ካሮት ማለቁን አስታወሰች። ቋሊማውንና አትክልቱን ከትናንት ወዲያ የገዛችውም እሷ ናት። እኔ የሠራሁት በመሐል ያለውን፣ ፎቶ የሚነሣውን ሃያ ደቂቃ ነው። ከፊቱና ከኋላው ያለው ሰዓት የሷ ነበር።

ለዚህ ነው ወንዶችን፣ ራሴን አስቀድሜ፣ የምናገረው። ድሮ «ወጥ አልችልም» የሚል ሰበብ ነበረን። አሁን ቁልፍ ተጭኖ ደወል የሚጠብቅ ዕቃ አለ፤ ሰበቡ አልቋል። ግን ቁልፍ መጫን ማብሰል አይደለም። መግዛት፣ መላጥ፣ ማጠብ፣ «ነገ ምን እንበላለን?» ብሎ ማሰብ፤ እነዚህ ሁሉ የእራቱ አካል ናቸው፤ ኤር ፍራየሩ አንዱንም አይሠራም።

በዚህ ሳምንት ለሁለት ምሽት ከገበያው እስከ ሳጥኑ እጥበት ድረስ እኔ ያዝኩት። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ተነሥታ ልትረዳኝ መጣች፤ በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ ወሰዳት። ለእናቴ ደውዬ «የተረፈውን ሰዓት ተኛችበት» አልኳት። ሳቀች።

እናንተ ቤትስ? ኩሽናችሁ ውስጥ አዲስ ዕቃ ሲገባ ከሥራ የወጣው ማን ነው?