ማንም ያላስተማረን እስክስታ፤ ከጎንደር ዳስ እስከ ሀይፋ መድረክ



ሠርግ በደረሰ ቁጥር ልጆቻችን አንድ ነገር ይጠይቁናል። «እማዬ፣ እስክስታ የት ተማርሽ? ሁግ ነበራችሁ እንዴ?» ይሉናል። ስቀን እናልፈዋለን እንጂ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እዚህ አገር ልጅ ኳስም፣ ዋናም፣ ጭፈራም በማትናስ፣ በሰዓት፣ በክፍያ ነው የሚማረው። እኛን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ታዲያ ከየት መጣ?

በጎንደር አካባቢ በነበሩት መንደሮቻችን፣ አምቦበር በሉት፣ ወለቃ በሉት፣ ሙያ የሚባለው ሌላ ነበር። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፣ ያርሳል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች፣ ትፈትላለች። መሰንቆ ይዞ የሚዞረው አዝማሪም ባለሙያ ነው፤ ሲያሞግስህ ትሸልመዋለህ፣ በዚያ ነው የሚኖረው። እስክስታ የሚወርደው ሰው ግን የሚከፈለው አልነበረም። ቀን ሙሉ ጭቃ ስትረግጥ የዋለችው ሸክላ ሠሪ ማታ ዳስ ውስጥ ገብታ ትከሻዋን ስታንቀጠቅጠው አገር ይቆማል። በማግስቱ ተመልሳ ወደ ጭቃዋ ነው። «እሷ እኮ ጨፋሪ ናት» ብሎ የሚጠራት አልነበረም፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ሚስት ናት፣ በቃ።

ትምህርቱ የሚጀምረው ገና በአንቀልባ ነው ብንል አላጋነንም። እናት ልጇን አዝላ ስትጨፍር ልጁ ምቱን በጀርባዋ በኩል ይሰማዋል። ትንሽ ከፍ ሲል ከዳሱ ጥግ ቆሞ ያጨበጭባል። ጭብጨባ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ምቱን ያልያዘ ልጅ ትልልቆቹ በዓይን ይገሥጹታል። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ቀን ማንም ሳይጠራው መሐል የሚገባው።

ጭፈራውም ሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አልነበረም። ከትግራይ በኩል የመጡት ወገኖቻችን ከበሮውን መሐል አድርገው ክብ ሠርተው እየተከታተሉ ይዞራሉ፣ ጓይላ ነው። የጎንደሩ ደግሞ እግር ብዙ አይሄድም። እጅ ወገብ ላይ ይያዛል፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፣ ሥራው ያለው ትከሻና አንገት ላይ ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ዳር የቆመው ደግሞ «ያዘው! ያዛት!» እያለ ያሟሙቃል፣ እልልታው ይቀልጣል። ተመልካች የሚባል የተለየ ሰው የለም፤ ያጨበጨበው ሁሉ ተካፋይ ነው።

የቄሶቻችን እንቅስቃሴ ግን ከዚህ ይለያል። ነጋሪቱና ቃጭሉ እየተመታ፣ ዜማው በግዕዝ እየወጣ በጸሎት ውስጥ ሲወዛወዙ ያ የሠርግ ጭፈራ አይደለም፤ አባቶቻችን ሁለቱን አይቀላቅሉም ነበር። ሆኖም አንድ ቀን ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ፣ በስግድ። ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን ጾመን፣ ተራራ ወጥተን፣ ኦሪቱ ተነቦ፣ ሰግደን እንወርዳለን። ከዚያ ጾሙ ይፈታል፣ ይበላል፣ ይጨፈራል። ያን ለት የሚጨፍረው ሰው ጠዋት ያለቀሰው ራሱ ነው። ክነሴት በ2008 ስግድን በሕግ የአገር በዓል ካደረገው ወዲህ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ጸሎቱ ይሰማሉ፤ ስለ ማታው ጭፈራ የሚነግራቸው ግን ከእኛ በቀር ማን አለ?

እዚህ ላይ የማናልፈው ነገር አለ። ትከሻችን ዝም ያለበት ዘመን ነበር። ሐዘን ያለበት ቤት ከበሮ አይመታም፣ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ውስጥ 4,000 ያህል ወገኖቻችን ቀርተዋል። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ የገባው ሕዝብ እንዲህ ያለውን ሐዘን ተሸክሞ ነው የገባው። ከሞቱት ሌላ ደግሞ በሕይወት እያሉ የተለዩን ነበሩ፤ አባት እዚህ፣ እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ፣ ወንድም እዚያ። በእነዚያ ዓመታት በመርካዝ ክሊታው የተደረገ ሠርግ አልቀረም፣ ሙሽራው ቀሸራውን ታስሯል፣ ቡና ተፈልቷል። ነገር ግን ጭፈራው መሐል የሚገባው ሰው ጥቂት ነበር። ፊት ለፊቱ የሚቆመው ሰው ጎንደር ቀርቶ ማን ፊት ይጨፍር?

በግንቦት 1991 ዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ሲያመጣ ብዙ ቤት ተገናኘ። በሆቴሎቹና በኋላም በካራቫኖቹ የሰማነው እልልታ ብዙ ጊዜ ታፍኖ የቆየ እልልታ ነበር። መሰንቆ የሌለበት ቦታ ካሴት ነበረ፣ ከበሮ የሌለበት ቦታ የፕላስቲክ ጀሪካን ነበረ።

ለመሆኑ ይህች አገር ራሷ ጭፈራዋን ከየት አገኘች? ይህም የአማተሮች ታሪክ ነው። በ1944 ጉሪት ካድማን የምትባል ሴት የየኪቡጹን ጨፋሪዎች ኪቡጽ ዳሊያ ላይ ሰበሰበች። ገበሬዎችና ወጣቶች እንጂ የመድረክ ሰዎች አልነበሩም። ዛሬ ሪኩዴ ዓም የምንለው ነገር ትልቁን ጉልበት ያገኘው ከዚያ ነው። ሆራው ከምሥራቅ አውሮፓ መጣ፣ የየመን አይሁዶች እርምጃቸውን ሰጡ። በ1949 ሳራ ሌዊ ታናይ ኢንባልን ከየመን ልጆች ጋር መሠረተች፤ የየመን እርምጃ ዛሬ በየክቡ ውስጥ ይገኛል፣ የሚጨፍረው ሰው ከየት እንደመጣ ባያውቅ እንኳ።

የእኛ ትከሻ ለምን እንደዚያ አልገባም? አንዱ ምክንያት መዘግየታችን ነው፤ እኛ ስንደርስ ክቡ ተዘግቶ ነበር። ሌላው ግን የአካል ጉዳይ ይመስለናል። በሆራ ሰው እጅ ለእጅ ይያያዛል። እጅህ ግራና ቀኝ ተይዞ እስኪ ትከሻህን ምታ! አይሆንም። የየመኑ እርምጃ እግር ላይ ስለሆነ ክቡ ውስጥ ይገባል፣ እስክስታ ግን እጅን ወገብ ላይ አድርጎ ሰውን ፊት ለፊት ማየት ይፈልጋል። (የትግራዮቹ ጓይላ ቢሆን በቀላሉ በገባ ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ።)

ስለዚህ እስክስታ በሌላ በር ገባ፣ በመድረክ። በ1995 ዶክተር ሩት ኤሼል በሀይፋ ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ሰብስበው «እስክስታ» የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። ልጆቹ ሊማሩ የመጡት ሌላ ሌላ ትምህርት ነበር እንጂ ጭፈራ አልነበረም። ይዘው የመጡት ከየቤታቸው ያዩትን ነው። ዶክተሯ የቄሶቻችንንና የሽማግሌዎቻችንን እንቅስቃሴ በቪዲዮ ማስቀረታቸውም ትልቅ ሥራ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ «ቤታ» የተባለው ቡድን በዚያው በሀይፋ ተከተለ፤ በኋላም የመጀመሪያው ቡድን አባል የነበረችው ደጌ ፈደር መሪነቱን ያዘች። የእኛው ልጅ ማለት ነው።

ያኔ ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ አልወደዱትም። «ያለ ሠርግ፣ ያለ በዓል፣ እንዲያው ለቲኬት ይጨፈራል?» አሉ። የቄሶቹ እንቅስቃሴ መድረክ ላይ መውጣቱ ደግሞ ይበልጥ ከነከናቸው። ነገሩ ውሸት የለውም። መድረክ ላይ ጨፋሪው የሚያየው ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሕዝብ ነው፤ ዳስ ውስጥ የሚያየው የአጎቱን ልጅ ነው። በእኛ በኩል ግን ልጆቹን አንወቅስም። በክፍሏ ውስጥ በቀለሟ ታፍር የነበረች ልጅ የእናቷን ትከሻ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብለት ማየቷ ትንሽ ነገር አይደለም። ይልቅ የሚያሳስበን መድረኩ ሳይሆን አዳራሹ ነው። በዛሬው ኡላም ዲጄው ድምፁን ሲለቀው ሽማግሌዎች ግድግዳ ጥግ ይቀመጣሉ፣ ግማሾቹም ራት በልተው ይሄዳሉ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ከስልክ ያዩትን ይጨፍራሉ፣ የሚያርማቸው፣ «ቀስ በል፣ ምቱን ስማ» የሚላቸው የለም።

እስክስታ ደግሞ ጉልበት ለደከመ ሰው ሁሉ የተረፈ ጭፈራ ነው። በአረጋውያን ሞአዶን አይተናል፤ ጉልበቷን የሚያማት እናት ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ትከሻዋ ብቻ ሲሄድ ሃያ ዓመት ይቀንስላታል። ስትጨርስ ስለ ሠርጓ ታወራለች፣ ማን ከማን ፊት እንደቆመ፣ ማን እንዳሸነፈ፣ ያ ልጅ በኋላ ሱዳን ላይ እንደቀረ።

ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ያላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ አትጣሉት፤ ቴፑ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት። ሽፋኑ ላይ የሙሽሮቹን ስም ብቻ አትጻፉ። መሐል ገብተው የጨፈሩት እነማን እንደሆኑ፣ ከየትኛው መንደር እንደመጡ፣ ከበሮውን የመታው ማን እንደነበር አያቶች ተቀምጠው እያዩ ይናገሩ፣ የልጅ ልጆች ይጻፉ።