ከሜዳሊያው በፊት የነበረው ታሪክ

በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው 4 ወርቆች በሙሉ በ5,000ና በ10,000 ሜትር የተገኙ ሲሆኑ፣ ባለቤቶቻቸውም ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ። ሁለቱም የአርሲዋ የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። ከዚያው አካባቢ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ወርቅ አግኝተዋል። ይህ በዓለም መዝገብ ስለ ሰፈረ አይጠፋም።

የሚጠፋው ሌላው ነው። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ከእነርሱ እኩል ሮጠው ወደ እርሻ የተመለሱት እነማን ናቸው? የሰውነት ማጎልመሻው መምህር ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን ሲመርጡ ምን አይተው ነበር? ብዙዎች ነገሩን ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋው የከተማዋ ከፍታ ይደመድሙታል። ከፍታውንማ ሌሎች የደጋ ከተሞችም አላጡትም!

እኛ የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻችንን ወደ ቀድሞ ሯጮችና አሠልጣኞች ብንልክ፣ እነርሱም የሰሙትን ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር ጽፈው ከውድድር መዝገብ ጋር ቢያመሳክሩት፣ ጥሩ ማስረጃ እናገኛለን። በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ሲጽፉ ግን በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊቱ ያልፋል። አሮጌው መዝገብ ከዕቃ ግምጃ ቤት ወጥቶ ከመቃጠሉ በፊትም ርእሰ መምህሩን ቀድመን ብናነጋግር ይሻላል።