የ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅና የጎጃም ገበሬ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ እኛ የታሪክ ተማሪዎች ስለ ምን እንጻፍ ብለን ተመካከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ዐድዋ ድል፣ ሌሎቻችን ስለ ዐምስቱ ዓመት የአርበኞች ተጋድሎ ይጻፍ አልን። እነዚህ ግን ብዙዎች ደጋግመው የጻፉባቸው ናቸው። በመጨረሻ የተስማማንበት ርእስ ከደጃችን የራቀ አይደለም፤ ይኸውም በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በጎጃም ያስከተለው ነገር ነው። ያን ዘመን በልጅነት ወይም በጐልማሳነት ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በየመንደራችን አሉና፣ ታሪኩ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም።

በዚያ ዘመን ጎጃም ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን ሰባት አውራጃዎች ነበሩት። እንጅባራ የምትገኘው በአገው ምድር አውራጃ ነበር፤ የአውራጃውም ዋና ከተማ ዳንግላ ነበረች። ከእኛ በስተደቡብ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል የዳሞት አገር ይገኛል፤ ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ታሪክ ዋና ስፍራዎች ከሆኑት አንዱ እርሱ ነው።

ዐዋጁ ምን ይል ነበር?

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. መንግሥት የመሬት ግብር ዐዋጅ አወጣ። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተከፈለ፤ ለአንድ ጋሻም እንደየደረጃው 15፣ 10 እና 5 ብር ተመደበ። ነገር ግን በጋሻ የሚቈጠረው የተለካ መሬት ነው። በጎጃም፣ በበጌምድርና በትግራይ መሬቱ በቀላድ ስላልተለካ፣ ሕዝቡም መለካቱን ስላልወደደ፣ በ1937 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ እነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች ከጣሊያን ወረራ በፊት ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲገብሩ ተደረገ። ከመሬት ግብሩ በላይ ዐሥራት ነበረ። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር፣ ቆይቶም የጤና ግብር ተጨመረ።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 255 ይህን አሠራር ለመለወጥ የታሰበ ነበር። ዐሥራትን አስቀረ፤ በምትኩም እያንዳንዱ ገበሬና ባለመሬት ከእርሻው በሚያገኘው ገቢ መጠን ግብር እንዲከፍል፣ ገቢው ከፍ ባለ ቍጥርም ግብሩ ከፍ እንዲል ደነገገ። ሐሳቡ በወረቀት ሲነበብ ፍትሐዊ ነው። በደቡብ ባለመሬቶች ዐሥራቱን በጭሰኛው ትከሻ ላይ ይጭኑት ነበርና፣ ዐሥራት መቅረቱ ለድኻው እፎይታ ሊሆን ይችል ነበር። ብዙ መሬት ያለው ብዙ ይክፈል ማለትም ማንም አእምሮ ያለው ሰው የሚቀበለው ነው።

እንግዲህ የእኛ ጥያቄ ይህ ነው። ለድኻው ይጠቅማል የተባለ ሕግ፣ በገዛ እጁ የሚያርሰውን የጎጃም ገበሬ ጠመንጃ ያስነሣው ስለ ምንድን ነው?

የገበሬው ሥጋት

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ርስት ምን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በጎጃም መሬቱ የሚታወቀው በቀደመው አቅኚ አባት ስም ነበር። ከዚያ አባት በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል የሚወለድ ሁሉ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ግብሩም የሚጣለው በአቅኚው አባት መሬት ላይ በጠቅላላው ሲሆን፣ ተወላጆቹ ይከፋፈሉት ነበር። ድንበሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ምልክቱም ወንዝ፣ ዛፍ ወይም ድንጋይ ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውም ተረት የተወለደው ከዚህ ዓይነቱ ኑሮ ነው።

አዲሱ ዐዋጅ ግን የእያንዳንዱን ሰው ምርት ለብቻ ገምቶ፣ ስሙን በመዝገብ አስፍሮ፣ ግብሩን በራሱ ላይ የሚጥል ነው። ገበሬው ይህን ሲሰማ የታየው ዛሬ የሚገመተው እህል ብቻ አልነበረም። «ዛሬ ምርቱን ከጻፉ ነገ መሬቱን ይለካሉ፤ መሬቱን ከለኩ ከነገ ወዲያ ይወስዱታል» ብሎ ሠጋ። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። በደቡብ ኢትዮጵያ ቀላድ በተጣለበት አገር ሁሉ ብዙ መሬት ለሹማምንትና ለወታደር ተሰጥቶ፣ ባለአገሩ በገዛ አባቱ መሬት ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ በጎጃም ቀላድ የሚለው ቃል መለኪያ መሆኑ ቀርቶ የመነቀል ስም ሆነ። ሕዝቡም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከነጻነት በኋላ፣ እንደ ገናም በ1943 ዓ.ም. ገደማ ግብርንና ልኬትን ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር።

ከዚህም በላይ ዐዋጁን ይዘው የሚመጡት ሹማምንት እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ነበረ። የጎጃም ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የተጠሉ ነበሩ። ሕዝቡ በአስተዳደራቸው ተማሮ አቤት ሲል ሰሚ አላገኘም። ግብር ገማቹ ሲመጣ ገበሬው የሚያየው የዐዋጁን አንቀጽ አልነበረም፤ ይህን ሁሉ በደል ነበር። እንግዲህ ሕግ ሕዝብን የሚያገኘው በጋዜጣ ገጽ ላይ ሳይሆን፣ መዝገቡን ይዞ በደጃፉ በሚቆመው ሰው ፊት ነው ማለት ነው።

አመፁና የመንግሥቱ ማፈግፈግ

በ1960 ዓ.ም. ገማቾቹ ወደ ገጠር መውጣት ሲጀምሩ፣ በተለይ በሞጣና በዳሞት ገበሬው አንገመትም አለ። መልእክተኞቹን አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ ገማቾችንም ከየአገሩ አስወጣ። ነገሩ በንግግር ስላልበረደ ወደ ጦርነት ተለወጠ። መንግሥትም ጦር ሠራዊትና ፖሊስ አዘመተ፤ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። ቀደም ባለው ዘመን ጣሊያንን በጫካ የተዋጉ ሽማግሌዎች፣ ከሰማይ የሚወርደው ቦምብ ከገዛ መንግሥታቸው ሲመጣ ማየታቸው ምን ያህል እንዳስመረራቸው ለመገመት አያስቸግርም።

ውጊያው ወራት ከፈጀ በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት ነገሩ እንደማያዋጣው ተረዳ። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ በምትካቸውም ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተሾሙ። ጦሩ ተመለሰ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይጸና ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የተጠራቀመው የግብር ውዝፍም ለሕዝቡ ተማረለት።

ገበሬው አሸነፈ እንበል ይሆን? በአንድ በኩል አዎን። ነገር ግን የሞተው ሰው አልተመለሰም፤ የተቃጠለውም ቤት በውዝፍ ምሕረት አልተሠራም። በግብር ገንዘብ ሊሠራ ይችል የነበረው መንገድና ትምህርት ቤትም በዚያው ቀረ። ስለዚህ ይህን ታሪክ የድል ታሪክ ብቻ አድርገን ልንጽፈው አልወደድንም።

የመንግሥቱ ስም ምን ሆነ?

በዚያ ዘመን የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በውጭ አገር ትልቅ ስም ነበረው። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በአዲስ አበባ ነው። በአገር ውስጥ ግን በባሌ የተነሣው አመፅ ገና አልበረደም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው በአደባባይ ጮኸው ነበር። መንግሥቱ እነዚህን የሩቅ አገርና የወጣቶች ነገር እያለ ሊያቃልላቸው ይሞክር ነበር። የጎጃም አመፅ ግን እንዲህ ሊባል የማይችል ሆነ፤ ምክንያቱም የተነሣው ዘውዱ የጸናበት ነው ከሚባለው ከሰሜኑ ባለርስት ገበሬ መካከል ነው።

የደረሰውን ጉዳት በሦስት ልናየው እንችላለን። አንደኛ፣ መንግሥቱ በመጀመሪያ ስለ ደበደበ የርኅሩኅነቱን ስም አጣ፤ በኋላም ስላፈገፈገ የኀይለኛነቱን ስም አጣ። ሁለቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማጣት ለማንኛውም መንግሥት ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ የጎጃም ነገር ስላስፈራው ዐዋጁን በሌሎቹ ጠቅላይ ግዛቶች በሙሉ ኀይል ሊያስፈጽም አልደፈረም፤ ስለዚህ እፎይታው ለሚገባው ለደቡብ ጭሰኛ እንደ ታሰበው አልደረሰም። ሦስተኛ፣ ከዚህ በኋላ መሬትን የሚነካ ሕግ ሁሉ አስፈሪ ሆነ። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቁሞ ስለ ጭሰኞች መብት ሕግ ቢረቀቅም፣ ብዙ ባለመሬቶች በተቀመጡበት ፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለዚህ ምክንያቱ የወሎ ረኀብ፣ የወታደሩ ቅሬታ፣ የኑሮ ውድነትና ሌላም ብዙ ነገር ነው፤ የጎጃም አመፅ ብቻውን ዘውዱን ጣለ ማለት ስሕተት ይሆናል። ሆኖም የጎጃም ገበሬ አስቀድሞ አንድ ነገር አሳይቶ ነበር፤ ይኸውም ያ መንግሥት ራሱን ለማሻሻል ቢፈልግ እንኳ፣ የሚያምነው ሕዝብ እንዳልቀረለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን፣ የዱሮው መንግሥት በዝግታ ሊነካው ያልቻለው ነገር በአንድ ቀን ተገለበጠ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1765 የእንግሊዝ ፓርላማ በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ላይ የቴምብር ቀረጥ ጥሎ፣ በተቃውሞው ብርታት በዓመቱ ቢሽረውም፣ የጠፋው መተማመን ሳይመለስ አሜሪካኖች ነጻነታቸውን ዐወጁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በዚያችው በእንግሊዝ ድኻውንም ሀብታሙንም እኩል የሚያስከፍል የነፍስ ወከፍ ግብር ከባድ ሁከት አስነሥቶ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

የ1960ውን ታሪክ ስናጠና አንድ ነገር እጅግ አስገረመን። የጎጃም ገበሬ መሬቴ አይለካ ብሎ ተዋጋ፤ የልጅ ልጆቹ ግን መሬታቸውን አስለክተው ደብተር ተቀበሉ። በአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. የመሬት አስተዳደር ዐዋጅ ከወጣ በኋላ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የገበሬው ይዞታ መመዝገብ ጀመረ። ይህ የሆነው በ1989 ዓ.ም. የተደረገው የመሬት ድልድል ብዙ ቅሬታ አስነሥቶ ካለፈ በኋላ ነው። በምዝገባው ጊዜ ግን ድንበሩን ያሳዩት በቀበሌው ሕዝብ የተመረጡ ኮሚቴዎችና ጐረቤቶች ነበሩ። በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ይገኛል፤ ደብተሩም በገበሬው ሣጥን ይቀመጣል። ያው መሬት፣ ያው ልኬት ነው። ልዩነቱ መዝገቡ በማን እጅ ይቀራል፣ ለማንስ መከላከያ ይሆናል በሚለው ላይ ነው። የ1960ው ገማች መዝገቡን ይዞ ሄደ፤ የ1995ቱ መዝጋቢ ግን ደብተሩን ለገበሬው ትቶ ሄደ።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። የሕግ መልካምነት በአንቀጹ ብቻ አይለካም። የሚመለከተው ሕዝብ አስቀድሞ ካልተጠየቀ፣ በቋንቋው ካልተነገረው፣ የሚያስፈጽመውም ሰው ካልታመነ፣ መልካሙ ሕግ እንደ ክፉ ሕግ ይፈራል። መንግሥትም ስሙን የሚያጣው ሕጉ በመጥፎነቱ በታወቀ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ «ይህ ለእኔ አይደለም» ባለ ጊዜ ነው። ግብር ግን የግድ ያስፈልጋል። እኛ የተቀመጥንበት ወንበር፣ የምናነበው መጽሐፍ፣ የመምህሮቻችንም ደመወዝ በወላጆቻችን ግብር የሚከፈል ነው። ስለዚህ ነገ ከእኛ መካከል ሕግ አውጪ፣ ዳኛ ወይም የቀበሌ ጸሐፊ የሚሆን ሰው ቢኖር፣ የሞጣንና የዳሞትን ገበሬ እንዲያስታውስ እንለምነዋለን።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ! ያን ዘመን ያያችሁ ወይም ከአባቶቻችሁ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ማታ በምድጃው ዙሪያ ለልጆቻችሁ ንገሩልን። ጓደኞቻችን ተማሪዎችም ብዕርና ደብተር ይዛችሁ ጠይቁ። የእኛ ጽሑፍ አጭር ናት፤ በሚቀጥለው በዓል የሚጽፉት ታናናሾቻችን ከእናንተ የሰሙትን ጨምረው ይበልጥ የተሟላ እንዲያቀርቡ ተስፋችን ነው።